የፊዚክስ ክበብ ዘገባ፦ ፓዮንን ማን ይውጠዋል?

ክበባችን ዘንድሮም ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ላቦራቶሪ ውስጥ ሲሰበሰብ ከርሟል። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት እንደተለመደው አለፈ፤ የተበላሹ መልቲሜትሮች ጠገንን፣ ለሳይንስ ቀን ሠርቶ ማሳያ አዘጋጀን። በጥምቀት ሰሞን ልጆቹ ሁሉ ፋሲል መዋኛ ናቸው፣ ማን ፊዚክስ ያስታውሳል! ወሬ ያለው ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ "ፕሮቶኖች የሚገፋፉ ከሆነ የአቶሙ እምብርት፣ ኒውክለሱ፣ ለምን አይበተንም?" ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ወደ ጃፓናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሂዴኪ ዩካዋ ወሰደን። ዩካዋ በፈረንጆቹ 1935 ፕሮቶንና ኒውትሮንን የሚያያይዝ፣ ከኤሌክትሮን 200 ጊዜ ያህል የሚከብድ ቅንጣት መኖር አለበት አለ። በ1947 ተመራማሪዎቹ እነ ፓውል፣ ላቴስና ኦኪያሊኒ ተራራ ላይ ባስቀመጡት የፎቶግራፍ ሳህን ዱካውን አገኙት። ፓዮን ይባላል። ተራራ ሲባል ልጆቹ "ታዲያ እኛስ ራስ ዳሸን አለን አይደል?" አሉ። እውነት ነው፣ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። የጎደለን ሳህኑ ነው።

ስለዚህ በወረቀት ሠራነው። ቀስ ብሎ የቆመ ኔጌቲቭ ፓዮን ኒውክለስ ውስጥ ሲዋጥ ኢነርጂው የት ይገባል? ማሱ ብቻ ወደ ኢነርጂ ሲመነዘር 140 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ነው። አንድ ፕሮቶን፣ ሌላ ነገር ሳይተፋ፣ ብቻውን ሊውጠው አይችልም። ሁለቱም ቆመው ከነበር ድምር ሞመንተማቸው (ማስ ሲባዛ በፍጥነት) ዜሮ ነው፤ ፕሮቶኑ ፓዮኑን ውጦ የሚሆነው ኒውትሮንም መቆም አለበት። የቆመ ነገር ታዲያ 140ውን የት ያደርገዋል? እዚህ ላይ ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔ በበኩሌ ከዓመቱ ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው።

የሚውጡት ሁለት ሲሆኑ ግን በተቃራኒ አቅጣጫ ተፈናጥረው ይካፈሉታል። ዲዩትሮንን፣ ማለትም አንድ ፕሮቶንና አንድ ኒውትሮን የተያያዙበትን ኒውክለስ፣ ወስደን አሰላነው። ብዙዎቹ "ሰባ ሰባ" አሉ። አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ አልተቀበለችም። ዲዩትሮኑን ለመለያየት 2.2 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ይወጣል፣ ፕሮቶኑ ኒውትሮን ሲሆን ደግሞ 1.3 ይሄዳል አለች። የሚቀረው 136 ነው፤ ለእያንዳንዱ ኒውትሮን 68። ልክ ናት።

ሄሊየም-3 ላይ ክርክሩ ጦፈ። ሁለት ፕሮቶንና አንድ ኒውትሮን አሉ። ጥንዱ ሲውጥ ሦስተኛው ቆሞ ተመልካች ነው ወይስ እሱም ይገባበታል? ተመልካች ከሆነ ድሮ የነበረውን ትንሽ ሞመንተም ይዞ ይቀራል፤ ከተካፈለ ግን ፈጥኖ ይወጣል። በስዊዘርላንድ፣ በካናዳና በአሜሪካ ፓዮን በብዛት ያመረቱ የቅንጣት ማፋጠኛዎች ይህንኑ መርምረዋል። ሦስቱም የሚካፈሉባቸው ክስተቶች እንዳሉ ታይቷል። ጥንዶቹም እኩል አይደሉም፦ መዋጡ በፕሮቶንና ኒውትሮን ጥንድ ላይ ከሁለት ፕሮቶኖች ይልቅ በጣም ይበዛል። "ሦስተኛው አያገባውም" ይሉ የነበሩት ልጆች እስከ ሰኔ ድረስ ተቀልዶባቸዋል።

ሄሊየም-4 ለመስከረም ቀርቷል። 9ኛ ክፍሎችም መመዝገብ ይችላሉ፤ የቬክተር ድምር እዚያው እናስተምራለን።