አረንጓዴና ነጭ ካርድ፦ የሳይንስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችን የቤተ ሙከራውን የኋላ ግድግዳ ወረሰው። ትልቅ የቀን መቁጠሪያ ለጠፍንበት። እያንዳንዱ አባል አንድ ሳይንቲስት መርጦ ሁለት ካርድ ሰቀለ፤ ለልደቱ አረንጓዴ፣ ለሞተበት ቀን ነጭ። ቀኑ ሲደርስ ባለካርዱ በሚኒ ሚዲያ ሁለት ደቂቃ ይናገራል፤ በክበቡ ሰዓት ደግሞ በዓይን የሚታይ ነገር ይዞ ይመጣል። ቀኖቹ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

አጀማመራችን አላማረም። ሴፕቴምበር 22 የማይክል ፋራዴይ ልደት ነው (1791)። የ1831 ሙከራውን ልንደግም ሽቦ ጠቅልለን ከጋልቫኖሜትር (አነስተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰትን በመርፌ ከሚያሳይ መሣሪያ) ጋር አገናኘን። ማግኔቱን ብናስገባ፣ ብናወጣ መርፌው ንቅንቅ አላለም። ሃያ ደቂቃ ያህል ማግኔቱን ስናማ ቆየን። ጥፋቱ የእኔ የመምህራቸው ነበር፤ የመዳብ ሽቦው ጫፍ ላይ ያለውን ቅብ በምላጭ መፋቅ ረስቼ ነው። ሲፋቅ መርፌው ዘለለ። ማግኔቱ ጥቅሉ ውስጥ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ግን ወደ ዜሮ ተመለሰ። «ካልተንቀሳቀሰ ምንም የለም ማለት ነው?» አለች አንዷ። ፋራዴይ ያገኘው ይህንኑ ነው።

ኖቬምበር 7 ተጨናነቀ። ማሪ ኩሪ (1867)፣ የሕንዱ የፊዚክስ ሊቅ ራማን (1888)፣ የኦስትሪያዋ የፊዚክስ ሊቅ ሊዝ ማይትነር (1878) ሁሉም እዚያ ናቸው። የማይትነር የልደት መዝገብ ግን 17 ይላል። እሷ የምታከብረው 7 ላይ ስለነበር ሁለት አረንጓዴ ካርድ ፈቀድንላት።

ዋናው ክርክር የተነሳው ጃንዋሪ ላይ ነው። «ጋሊሊዮ በሞተበት ዓመት ኒውተን ተወለደ» እያልኩ ለዓመታት አስተምሬያለሁ። ደስ ይላላ! የኒውተን ካርድ የደረሰው ልጅ ግን አንድ መጽሐፍ ዲሴምበር 25 ቀን 1642፣ ሌላው ጃንዋሪ 4 ቀን 1643 ብሎት መጣ። «ቲቸር፣ የቱ ላይ ልስቀል?» ሁለቱም ልክ ናቸው። እንግሊዝ ያኔ የምትቆጥረው በአሮጌው የጁልያን አቆጣጠር ነበር፤ አሥር ቀን ወደኋላ። የቀየረችው በ1752 ነው። ጣሊያን ግን ከ1582 ጀምሮ በአዲሱ፣ በጎርጎርዮሳዊው ትቆጥራለች። ጋሊሊዮ የሞተው ጃንዋሪ 8 ቀን 1642 ነው። ዓመታቱ የገጠሙት አንዱን በአንደኛው፣ ሌላውን በሌላኛው አቆጣጠር ስለምንጠራ ነው። ልጁ ካርዱን ጃንዋሪ 4 ላይ ሰቀለ፤ እኔም አባባሌን ተውኩት። የስቲቨን ሆኪንግ ግጥምጥሞሽ ግን አልፈረሰም፤ የተወለደው ጋሊሊዮ በሞተ ልክ በ300 ዓመቱ፣ ጃንዋሪ 8 ቀን 1942 ነው። የሞተው ደግሞ በአንስታይን ልደት፣ ማርች 14።

ኤፕሪል 16 ዲኤንኤን በኤክስሬይ ያጠናችውን ሮዛሊንድ ፍራንክሊንን አሰብን፤ በ1958 ስትሞት 37 ዓመቷ ነበር። አንዷ አባል ከእስክሪብቶ የወጣች ሞላ ላይ የሌዘር ብርሃን ብታሳርፍ ግድግዳው ላይ ኤክስ ቅርጽ ወጣ። የዲኤንኤ የኤክስሬይ ፎቶግራፍ ላይ የሚታየው ኤክስም የመጣው ከመጠምዘዙ ነው። ዋትሰን፣ ክሪክና ዊልኪንስ ከዲኤንኤ ቅርጽ ጋር በተያያዘ በ1962 ኖቤል ሲቀበሉ እሷ ካረፈች አራት ዓመት ሆኗት ነበር። ክፍሉ ትንሽ ዝም አለ።

ጁላይ ላይ ትምህርት የለም። የኩሪ ነጭ ካርድና የፍራንክሊን አረንጓዴ ካርድ ሳይነበቡ እዚያው ተሰቅለው ቀርተዋል።