ሁለተኛ ምርጫም ይቆጠር

ለአዘጋጁ፦

ርዕሰ ብሔርን በቀጥታ ለመምረጥ የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት (ግማሽ ባይሞላም ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ የሚያሸንፍበት) ይበቃል በሚል ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤአለሁ፤ አልስማማበትም። ቀላልነቱን አልክድም። ይሁንና አምስት እጩዎች ድምፅ ከተከፋፈሉ፣ የመራጩን ሩብ ድጋፍ እንኳ ያላገኘ ሰው ሥልጣን ሊይዝ ይችላል።

ግማሽ ያገኘ ሲጠፋ ሁለቱን መሪዎች ብቻ የሚያወዳድር ሁለተኛ ዙር መጨመርም ሙሉ መፍትሔ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2002 በፈረንሳይ 16 እጩዎች ቀርበው የግራው ጎራ ድምፅ በመበታተኑ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሊዮኔል ዦስፓ በመጀመሪያው ዙር ወደቁ። ወደ ሁለተኛው ያለፉት ዣክ ሺራክና ዣን ማሪ ለፔን ተደምረው 40 በመቶ እንኳ አልሞሉም ነበር።

አየርላንድ ውስጥ ግን መራጩ እጩዎችን በቅደም ተከተል ቁጥር ይሰጣቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1990 በተካሄደው የፕሬዚዳንት ምርጫ እጩው ብራያን ሌኒሃን በመጀመሪያው ቆጠራ በ44 በመቶ ይመሩ ነበር። ሦስተኛ የወጡት እጩ ተሰርዘው ድምፃቸው መራጮቻቸው ቀጥለው ቁጥር ወደሰጡት እጩ ሲዛወር ግን ሁለተኛ የነበሩት ሜሪ ሮቢንሰን ከግማሽ በላይ አግኝተው አሸነፉ። በአብላጫ ድምፅ ሥርዓት አሸናፊው ሌኒሃን በሆኑ ነበር (መራጩ ያኔ በሌላ ስሌት ድምፅ ሊሰጥ መቻሉ እንዳለ ሆኖ)።

የዚህ አሠራር ድክመት ቆጠራው ላይ ነው፤ የድምፅ ዝውውሩ በማዕከል ስለሚሠራ ለጥርጣሬ በር ይከፍታል። ስለዚህ ሕጉ ሲረቀቅ፣ በእያንዳንዱ ጣቢያ እጩዎቹ በ1ኛ ቁጥር ያገኙት ድምፅ ሣጥኖቹ ወደ ማዕከል ከመጓዛቸው በፊት በጣቢያው በር ላይ እንዲለጠፍ፣ የየቆጠራው ዙር የድምፅ ዝውውርም በቁጥር እንዲታተም ይደንገግ።

አንድ አንባቢ