ጋሼ ጌም ቤታቸውን ሊዘጉ ነው፣ ማሽኖቹንና ደብተሮቹን እናትርፍ

ሰላም ወገኖች እንደምን ከረማችሁ። ጽሑፉ ይረዝማል ግን ጉዳዩ የገንዘብ ስለሆነ ዋናውን አስቀድሜ ልንገራችሁ። እዚህ ቶኪዮ ከ10 አመት በላይ ስንመላለስበት የኖርነው ትንሽዬ ጌም ሴንተር፣ ማለትም ሳንቲም እየከተትን የምንጫወትበት ቤት፣ ከ5 ሳምንት በኋላ ይዘጋል። ባለቤቱ 6 የድሮ ማሽን፣ 43 የጌም ቦርድ (ማሽኑ ውስጥ የሚገባው፣ ጌሙ ያለበት ሰርኪት) እና ደንበኞች የጻፉባቸውን 31 ደብተሮች ውሰዱ ብለውናል፣ በነጻ፣ አንድ የን ሳይቀበሉ። እኛ ግን ማንሻም ማስቀመጫም የለንም። ለአንድ አመት የሚያስፈልገን ጠቅላላ 620,000 የን ነው፣ እስካሁን ከ14 ሰው 215,000 ተሰብስቧል፣ 405,000 ይቀረናል። ለዛ ነው የምጽፈው።

የቤቱን ስም ያልጠቀስኩት ባለቤቱ ስለጠየቁኝ ነው፣ ግርግር አይወዱም። እኛ ሀበሾቹ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ እሳቸውም ትርጉሙን ከነገርናቸው ወዲህ ስልክ ሲያነሱ ራሱ «ጋሼ ነኝ» ይላሉ። ጃፓን ያለነው ሀበሾች ብዙዎቻችን ካትሱሺካ ክፍለ ከተማ ዮትሱጊ አካባቢ ነው የምንኖረው፣ ቤቱም ከዛ በባቡር ብዙ አይርቅም፣ አትክልት ቤትና ፀጉር ቤት ያለበት የቆየ የገበያ መንገድ ላይ ምድር ቤቱ ነው። ጃፓኖቹ ጌም ሴንተርን አሳጥረው «ጌሰን» ይሉታል።

እኔ መጀመሪያ የገባሁት ጌም ፈልጌ አይደለም። በስኮላርሺፕ የመጣሁ ሰሞን ክረምቱ ነበር፣ የማወራው ሰው የለኝም፣ ዶርም ገብቶ ግድግዳ ማየት ሰልችቶኝ መብራቱን አይቼ ለመሞቅ ገባሁ በቃ። እኔ ያደግኩት አዲስ አበባ ሰፈራችን ጆተኒና ፕሌይስቴሽን ቤት እየዋልኩ ነው፣ እዛ የተሸነፈ ይነሳል፣ ያሸነፈው አጠገብህ ቁጭ ብሎ ይስቅብሃል፣ ተረኛው ከኋላህ ትከሻህን ይገፋል። እዚህ ደግሞ ማሽኖቹ ጀርባ ለጀርባ ነው የሚቀመጡት፣ የሚገጥምህ ሰው ከወዲያ በኩል ስለሆነ ፊቱን አታየውም። 100 የን ከተትኩ፣ ስትሪት ፋይተር 2 ነበር፣ ሶስቴ በተከታታይ ተሸነፍኩና ማነው ይሄ ሰው ብዬ ዞሬ ሳይ ከስራ የወጣ ሱፍ የለበሰ ትልቅ ሰውዬ ነው፣ ቦርሳውን እግሩ ስር አድርጎ፣ ተነስቶ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። ጃፓን ከገባሁ በኋላ ከትምህርት ቤትና ከቢሮ ውጪ ሰላም ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው፣ ዛሬም ጓደኛዬ ነው፣ ይሄን ስራ አብሮን እየሰራ ነው።

አሁን ስለ ደብተሮቹ ልንገራችሁ ምክንያቱም እናንተን በቀጥታ የሚነካው ይሄ ነው። የቆዩ ጌሰኖች ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ተራ ደብተርና እስክሪብቶ ይቀመጣል፣ የመጣ ሰው የፈለገውን ይጽፍበታል፣ ስኮር፣ ስዕል፣ «ማክሰኞ ማታ ማን ይገጥመኛል»፣ «ሶስተኛው ማሽን ሊቨሩ ግራ አይሄድም» ምናምን። ኢንተርኔት ኪስ ውስጥ ሳይገባ በፊት ሰዎች የሚገናኙት በዛ ነበር፣ ጋሼም አላቆሙትም። አንድ ቀን በአማርኛ ሁለት መስመር ጻፍኩ። በሳምንቱ ስመለስ ከስሩ አንድ ሰው በጃፓንኛ «ይሄ የየት አገር ፊደል ነው ውብ ነው» ብሎ ጠይቋል። መለስኩለት። ከዛ ሌላ ሀበሻ መጣና አየው እሱም ጻፈ፣ ከዛ ሌላ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ዛሬ በነዚህ 31 ደብተሮች ውስጥ የቆጠርነው 64 ገጽ አማርኛ አለ፣ ትግርኛም አለ። ወደ አገሯ ልትመለስ ያለች ልጅ ስንብቷን ጽፋበታለች። ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ የሚሰራ ልጅ ጠዋት ጠዋት እየመጣ የሰራውን ሰዓት መዝግቦበታል። አንዱ ደግሞ እናቱ ያረፉ ቀን «ዛሬ ቤት መግባት አልቻልኩም እዚህ ቁጭ ብዬ ልዋል» ብሎ ጽፏል፣ ከስሩ አንድ ጃፓናዊ ከስልኩ ገልብጦ ይሁን ከየት አላውቅም በተንጋደደ ፊደል «ነፍስ ይማር» ብሎለታል። እያንዳንዱ መስመር የተሳለ ነው የሚመስለው፣ ፊደሉን እንደ ስዕል እያየ ነው የጻፈው። ያንን ገጽ ሳየው ሁሌም ይከብደኛል።

ቤቱ ለምን ይዘጋል? ባጭሩ ህንጻው አርጅቷል። ጃፓን የመሬት መንቀጥቀጥ የህንጻ ደንቧን በ1981 አጥብቃዋለች (አመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ ነው)፣ ይሄኛው ከዛ በፊት የተሰራ ስለሆነ አከራዩ አፍርሶ ሊሰራው ነው፣ በሱም አንፈርድም። ግን ህንጻው ባይፈርስም ጋሼ ከዚህ በላይ ብዙ አይቆዩም ነበር፣ ሂሳቡን ቁጭ ብለው አሳይተውኛል። የታይቶ ኩባንያ ስፔስ ኢንቬደርስ የሚባለውን ጌም በ1978 ሲያወጣ አንድ ጨዋታ 100 የን ነበር። ዛሬም 100 የን ነው! የሽያጭ ታክሱ በ1989 በ3 ፐርሰንት ጀምሮ በ1997 5፣ በ2014 8፣ በ2019 ደግሞ 10 ገብቷል፣ ሱቅ ሁሉ ዋጋው ላይ ይጨምራል፣ የማሽኑ ቀዳዳ ግን የ100 የን ሳንቲም ብቻ ነው የሚውጠው፣ 110 የን በል ብትለው አይልም። ስለዚህ ታክስ በጨመረ ቁጥር ከባለቤቱ ኪስ ነው የሚወጣው። መብራት ሲጨምርም እንደዛው።

ይሄ የጋሼ ብቻ አይደለም። በጃፓን ፖሊስ ቁጥር በ1986 ከ26,000 በላይ ጌም ሴንተር ነበር፣ በ2019 ወደ 4,000 ወርዷል። በህዳር 2019 ካዋሳኪ ያለው ያ የሆንግ ኮንጉን ካውሎን ሰፈር አስመስለው የሰሩት ዌርሃውስ የሚባል ጌም ሴንተር ተዘጋ። ከዛ ኮሮና መጣ፣ በሚያዝያ 2020 የአስቸኳይ ጊዜ ታወጀና ሰው ቤቱ ዋለ፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቶኪዮ አኪሃባራ ሰፈር ያለው የጌም ኩባንያው የሴጋ ሁለተኛ ህንጻ ከ17 አመት በኋላ ዘጋ። መስከረም 20 ቀን 2021 ደግሞ ኢኬቡኩሮ ሰፈር ያለው ጊጎ የሚባለው የሴጋ ቤት፣ ከ1993 ጀምሮ የነበረ። የዛን ቀን ማታ ሄጄ ነበር፣ መንገዱ በሰው ሞልቶ ሁሉም ስልኩን ወደ ላይ ይዞ መብራቱ እስኪጠፋ ይጠብቃል፣ ወጣት ብቻ እንዳይመስላችሁ ሽበታም ሰውዬዎች ሲያለቅሱ አይቻለሁ። በ2022 ሴጋ ከጌም ሴንተር ስራ ሙሉ ለሙሉ ወጣና በየከተማው የነበረው ስሙ በጊጎ ተተካ። አሁን ያሉት ትልልቆቹ ቤቶች ቦታቸውን በብዛት ለአሻንጉሊት ማንሻ ክሬን ነው የሰጡት፣ ገንዘቡ እዛ ስለሆነ። እነዛ ትልልቆቹ ሲዘጉ ቢያንስ ዜና ሆኑ፣ ፎቶ ተነሱ። የጋሼ አይነቱ ሲዘጋ ወረቀት በር ላይ ይለጠፋል፣ በሳምንቱ ማሽኑን ቆራሌው ጭኖት ይሄዳል፣ አለቀ።

«ቦርዱን ብቻ ወስዳችሁ አንድ ክፍል ውስጥ ብትቆልፉበትስ» ያለኝ ሰው አለ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ችግሩ እነዚህ ቦርዶች ተቆልፎባቸው ሲቀመጡ ይሞታሉ። ስትሪት ፋይተርን የሰራው ካፕኮም ከ1993 ጀምሮ ያወጣው ሲፒኤስ 2 የሚባለው ሲስተም ጌሙ እንዳይሰረቅ ብሎ የመክፈቻ ቁልፉን ያስቀመጠው በባትሪ በሚኖር ሚሞሪ ላይ ነው። ባትሪው ካለቀ ቁልፉ ይጠፋል፣ ጌሙ አይነሳም። ቀጥሎ የመጣው ሲፒኤስ 3 ላይም ባትሪው ካሴቱ ውስጥ ነው። ያንን ዝነኛ ቪዲዮ አይታችሁት ይሆናል፣ በ2004 ኢቮ በሚባለው የድብድብ ጌም ውድድር ላይ ጃፓናዊው ዳይጎ ኡመሃራ ኬን በሚባለው ተዋጊ ሲጫወት፣ ደሙ ሊያልቅ ምንም ሳይቀረው፣ የተጋጣሚው የጀስቲን ዎንግ ተዋጊ ቹን ሊ የለቀቀችበትን 15 ምት አንድ በአንድ መክቶ ያሸነፈበት፣ ያ ጌም፣ ስትሪት ፋይተር 3፣ ሲፒኤስ 3 ላይ ነው የሚሰራው፣ ጋሼ ጋ ኦሪጅናሉ አለ፣ ይሰራል። የሚሰራው ግን ጋሼ በየጊዜው ባትሪ ስለሚቀይሩ ነው። እያንዳንዱ ቦርድ ላይ ወረቀት ፕላስተር ለጥፈው የቀየሩበትን ቀን በእርሳስ ይጽፋሉ፣ አንዳንዱ ላይ አራት አምስት ቀን ተደራርቧል፣ የጥንቶቹ ደብዝዘዋል። ይሄ ሁሉ አመት አንዱንም አላስሞቱም። ባለቤታቸው እትዬ ደግሞ በየማታው ሊቨሩንና በተኖቹን በእርጥብ ጨርቅ ያብሳሉ፣ ለዚህም ነው ማሽኖቹ ለእድሜያቸው እንዲህ ያማሩት።

ስክሪኖቹም እንደዛው ናቸው፣ ያ ወፍራሙ የድሮ ቲቪ አይነት ነው፣ አዲስ አይመረትም፣ የተሰበረ ተሰበረ ነው። ጠፍቶም ውስጡ ከፍተኛ ኃይል ስለሚቆይ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው መንካት ያለበት፣ አንድ ማሽን ደግሞ ወደ 100 ኪሎ ይከብዳል፣ ስለዚህ በጓደኛ መኪና የሚሆን ነገር አይደለም።

እቅዳችን ይሄ ነው። ከቶኪዮ ጎን ያለችው ሳይታማ አንድ ባዶ ጋራዥ አግኝተናል፣ ደረቅ ነው፣ መብራት አለው፣ በወር 35,000 የን፣ የአመቱ 420,000 ይመጣል። የኋላው ማንሻ ላለው የጭነት መኪናና ለሹፌር 90,000። ለባትሪ፣ ለካፓሲተር፣ ለሊቨር መለዋወጫና ደብተሮቹን ስካን ለማድረግ 110,000። ጋሼ ራሳቸው በወር አንድ እሑድ እየመጡ ጥገናውን ሊያስተምሩን ቃል ገብተዋል፣ 4 ሰው ተመዝግቧል፣ ሁለቱ ሀበሾች ናቸው፣ አንዷ ኤሌክትሪካል ኢንጂነር ነች። በዛው እሑድ ማንም መጥቶ መጫወት ይችላል፣ በነጻ። ለምን ሳንቲም አታስከፍሉም ላላችሁ፣ ጃፓን ውስጥ ጌም አስከፍሎ ለማጫወት በፖሊስ በኩል የሚያልፍ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ሰፈሩም ህንጻውም ይመረመራል፣ ያንን አሁን አንችለውም፣ በጎን እያስከፈልን ደግሞ ጋሼን ማሳፈር አንፈልግም።

ደብተሮቹን በሙሉ ስካን አድርገን ስምና ስልክ ያለበትን ሸፍነን ነው የምናስቀምጠው። ጽሑፉ የኔ ነው አይታይብኝ የሚል ሰው ከነገረን ገጹን እናወጣዋለን። የእናቱን ነገር የጻፈውን ልጅ አግኝቼ አስፈቅጄዋለሁ፣ ጻፍበት ብሎኛል።

አዲስ አበባ አንዱን ላኩልን ያላችሁም አላችሁ፣ ልባችሁን አውቃለሁ፣ እኔም ሰፈሬ ልጆች ሲጫወቱበት ባይ ደስ ባለኝ። ግን የጃፓን መብራት 100 ቮልት ነው፣ የኛ 220፣ ትራንስፎርመር ይፈልጋል፣ የመርከቡና የቀረጡ ወጪ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ድምር በላይ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ እዚሁ እናትርፈው።

አገር ቤት ስንት ችግር እያለ ለጌም ገንዘብ ትለምናለህ ወይ ያለኝ ወዳጅም አለ። አልተቀየምኩትም። መስጠት የምትችሉት አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ለቤተሰባችሁ ለተቸገረው ላኩ፣ ከልቤ ነው። እኔ የምለምነው ከዛ የተረፈው ያለውን ሰው ነው፣ በተለይ እዚህ ጃፓን የኖራችሁ፣ አልፋችሁ ዛሬ አሜሪካም አውሮፓም ዱባይም ያላችሁ፣ ምናልባት ከነዚህ 64 ገጾች አንዱን የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ። 1,000 የን ትልቅ ነገር ነው። 500ም እንደዛው። ኢትዮጵያ ያላችሁ ደግሞ ብር አትላኩ፣ ውጭ ምንዛሬውን አውቀዋለሁ፣ ከእናንተ የምንፈልገው የእጅ ጽሑፍ አንብቦ በኮምፒውተር የሚተይብልን ሰው ነው፣ አንዳንዱ ገጽ ቡና ፈሶበታል ጽሑፉ ለማንበብ ያስቸግራል፣ ትዕግስት ያለው ሰው ቢኖር በጣም ይረዳናል።

ገንዘቡ በሦስት ሰው ስም በተከፈተ አካውንት ነው ያለው፣ ሁለቱ ሳይስማሙ አይወጣም፣ ደረሰኝ በየሳምንቱ ለሰጠ ሰው ሁሉ ይላካል። ካልሞላስ? ተነጋግረን ወስነናል፣ ቅድሚያ ደብተሮቹ፣ ቀጥሎ ቦርዶቹ፣ እነዚህ በአንድ መኪና ይገባሉ፣ የጓደኛዬ ቤት አንድ ክፍል እንለቃለን። ማሽኖቹን ግን ብሩ በደረሰበት ልክ ነው፣ ለሁለት ከበቃ ሁለት፣ ለአራት ከበቃ አራት፣ የቀረውን ቆራሌው ይወስደዋል። የትኛው ይቅር ብዬ ጋሼን ስጠይቃቸው አልመለሱልኝም፣ ተነስተው ሻይ ሊያፈሉ ሄዱ። ስለዚህ ስድስቱንም ብናወጣ ደስ ይለኛል።

የአካውንቱን ቁጥር በኢንቦክስ ለጠየቀኝ ሁሉ ወዲያው እልካለሁ። ቶኪዮና አካባቢው ያላችሁ የመጨረሻው እሑድ ከሰዓት ኑ፣ 32ኛው ደብተር ተገዝቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፣ ጋሼ ሁሉም ሰው አንድ ገጽ እንዲጽፍበት ነው የሚፈልጉት። በማግስቱ ሰኞ ደግሞ መኪናው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይመጣል፣ ለሸክም 8 ሰው ያስፈልገናል፣ እስካሁን 5 ነን፣ የምትችሉ ጓንት ይዛችሁ ድረሱልን።