ማይጨውን የዘለለው የቲሮል ታሪክ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ቲሮል ተኳሾች ሰሞኑን ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ቲሮል አልፕስ ተራሮች ውስጥ ያለች፣ ዛሬ በኦስትሪያና በጣልያን መካከል የተከፈለች አገር ናት፤ ተኳሾቹ በየመንደሩ ያሉ የበጎ ፈቃድ ማኅበሮች አባላት ናቸው። ፎቶው ደስ ይላል። ላባ የተሰካበት ባርኔጣ፣ የቆዳ ሱሪ፣ ትከሻ ላይ ጠመንጃ። ጽሑፉ ግን መጀመሪያ ሰዎቹን የቱሪስት መዝናኛ አስመሰላቸው። መጨረሻው ላይ ደግሞ ድንገት ዞር ብሎ «የአልፕስ አርበኞች» አላቸው። ሁለቱም አልተዋጠልኝም። የምኖረው እዚያው እነሱ አገር፣ በጣልያን በኩል ባለችው ቦልዛኖ ከተማ ነው፤ ዝም ብሎ ማለፍ አልሆነልኝም። ዓመተ ምሕረቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው፣ አንዱ ሲቀር።

ከአንድ መንደር ልጀምር። ኦላንግ ትባላለች። ፑስተርታል በሚባለው ሸለቆ ውስጥ፣ ከብሩኔክ ከተማ በስተምሥራቅ ነው ያለችው። አገሩ ዛሬ ጣልያን ነው፣ የሚሰማው ቋንቋ ግን ጀርመንኛ። የመንደሩ የተኳሾች ሻምበል፣ ማለትም ቡድኑ፣ ስሙን የወሰደው ከፔተር ሲግማይር ነው። ሲግማይር ጄኔራል አልነበረም፣ መኳንንትም አልነበረም። ለመንገደኛ ማደሪያና ምግብ የሚያቀርብ ቤት ነበረው። በ1809 ቲሮሎች በጎረቤታቸው የጀርመን መንግሥት በባቫሪያና በፈረንሳይ ላይ ሲነሱ እሱም አብሮ ወጣ። አመፁ ሲከሽፍ ተሸሸገ። ፈረንሳዮቹ ቢፈልጉት ቢፈልጉት ሲያጡት ሽማግሌ አባቱን ያዙ። ልጁ እጁን ካልሰጠ አባትየው ይረሸናሉ ተባለ። ሲግማይር ይህን ሲሰማ ከተደበቀበት ወጥቶ መጣ። ጃንዋሪ 1810 ላይ ረሸኑት።

የኦላንግ ሻምበል በበዓል ቀን ሲሰለፍ የሚሸከመው ይህንን ስም ነው። እናንተ «ባህላዊ ትርኢት» ያላችሁት ማለቴ ነው።

የእነዚህ ሻምበሎች አጀማመር ልማድ ብቻ አይደለም፣ የተጻፈ ውል አለው። ጁን 23 ቀን 1511 ቲሮልን ይገዛ የነበረው ንጉሠ ነገሥት ማክሲሚሊያን አንደኛ ከአገሬው ወኪሎች ጋር ተስማምቶ ላንድሊቤል የሚባለውን ሰነድ አወጣ። በቲሮል ሸንጎ ከመኳንንቱ፣ ከካህናቱና ከከተሞች ጋር ገበሬውም ወንበር ነበረው። ለዚያ ዘመን አውሮፓ ይህ ብርቅ ነው። ውሉ እንዲህ ይላል፦ አገሩ ሲወረር ሕዝቡ ራሱ ይከላከላል፤ እንደ አደጋው ክብደት ከ1,000 እስከ 20,000 ሰው ያወጣል። በምላሹ ንጉሡ እነዚህን ሰዎች ያለ ሸንጎው ፈቃድ ከቲሮል ድንበር ውጭ ለጦርነት አይወስዳቸውም። እኛ የምናውቀው ክተት ሌላ ነው። ነጋሪት ተጎሰመ ማለት ስንቅህን ይዘህ ንጉሡ ወዳለበት መሄድ ነው፤ «ከወንዙ ወዲያ አልሻገርም» የሚል የለም። ቲሮሎቹ ግን ይህንኑ ነበር በወረቀት ያስፈረሙት። ይህችን የድንበር ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ቀስ በቀስ በየመንደሩ የዒላማ ሜዳ ተሠራ፣ የተኳሾች ማኅበር ተቋቋመ። ሰው ከሥራ ሲያርፍ ዒላማ ይተኩሳል፣ ያሸነፈ ይሸለማል። ጦርነት ሲመጣ ያው ማኅበር ሻምበል ይሆናል። አዛዦቹን የሚመርጡት ራሳቸው ተኳሾቹ ናቸው። ለመደበኛ ጦር መኮንን ይሄ ጉድ ነው። አናጢው አዛዥ፣ ባለ ብዙ ላሙ ገበሬ ተራ ተኳሽ ሊሆን ይችላላ!

በ1703 የባቫሪያው መስፍን ማክስ ኢማኑኤል ቲሮልን ሲወር ገበሬዎቹ ፖንትላትስ ድልድይ አጠገብ፣ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ የጦሩን አንድ ክፍል ጠበቁት። ከላይ ድንጋይና ግንድ ለቀቁበት። ናዳ መልቀቅ ለእኛም ባዳ አይደለም፤ ዝርዝሩን ልተወው።

«አርበኞች» ወዳላችሁት ልምጣ። ያንን ቃል ያመጣችሁት በአንድሪያስ ሆፈር ምክንያት ይመስለኛል። ሆፈርም እንደ ሲግማይር ባለ ማደሪያ ቤት ነበር፤ ወይንና ፈረስም ይነግዳል። የአመፁ መሪዎች ለምን የመጠጥ ቤት ባለቤቶች ሆኑ ብሎ የሚገረም አይጠፋም። እኛ አገር ጠጅ ቤት የገባ ሰው ግን አይገረምም። ወሬው ሁሉ እዚያ ነው የሚያድረው፣ መንገደኛውም እዚያ።

ሆፈርና ሰዎቹ የተነሱበት በቂ ምክንያት ነበራቸው። በ1805 መጨረሻ ናፖሊዮን ቲሮልን ከኦስትሪያ ነጥቆ ለባቫሪያ ሰጣት። አዲሱ መንግሥት ግብር ጨመረ። ልጆቻቸውን በግዳጅ ለውትድርና መውሰድ ጀመረ፣ ማለትም የ1511ን ውል ቀደደ። የቲሮልን ስም ከካርታው ላይ አጠፋና አገሩን በወንዞች ስም ከፋፈለው። የገናን የሌሊት ቅዳሴና የሃይማኖት ሰልፎችን ከለከለ። ሕዝቡ ኤፕሪል 1809 ላይ ገነፈለ። ዋና ከተማቸው ኢንስብሩክ አፋፍ ላይ ባለው ቤርግኢዘል ኮረብታ ደጋግመው ገጠሙ። ኦገስት 13 ታላቁን ድል አገኙ፣ ኖቬምበር 1 ላይ ተሸነፉ። ሆፈር ተራራ ላይ ካለች የእረኞች ጎጆ ተደብቆ ሳለ የአገሩ ሰው ጠቁሞበት ተያዘ። ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1810 ጣልያን ውስጥ ባለችው ማንቱዋ ከተማ ተረሸነ።

እስከዚህ ድረስ አርበኛ ቢባል ማንም አይቃወምም። ግን ሙሉው ይነገር ከተባለ ይሄም አለ፦ ባቫሪያ ያመጣችውን የፈንጣጣ ክትባት የእምነት ጠላት አድርገው ያወገዙ የአመፁ ሰዎች ነበሩ። ኤፕሪል ላይ ኢንስብሩክ ሲገቡ የአይሁድ ቤቶች ተዘርፈዋል። ሆፈር ራሱ ለጥቂት ወራት ከተማዋን ሲያስተዳድር ጊዜ ወስዶ ሴቶች ደረታቸውንና ክንዳቸውን እንዲሸፍኑ አዋጅ አውጥቷል። እኔ ሰውየውን አልጠላውም። በጦርነት መሃል ስለ ሴት ቀሚስ የሚጨነቅ አዛዥ እንዲያውም ያስቀኛል። ግን የእኛን ቃል ወስዳችሁ እላዩ ላይ ስትለጥፉ አንባቢው ይህን ሁሉ እንዳያይ ታደርጋላችሁ።

በ1915 ጣልያን ኦስትሪያ ላይ ጦርነት ስታውጅ የቲሮል መደበኛ ጦር ሩቅ ነበር። ዛሬ ፖላንድና ዩክሬን በተካፈሉት ጋሊሲያ ከሩሲያ ጋር ሲዋጋ እያለቀ ነበር። የደቡቡ ድንበር ባዶውን ቀረ። የወጡት በየመንደሩ ዒላማ ሜዳ የተመዘገቡት ተኳሾች ናቸው፤ ጺማቸው የሸበተ ሽማግሌዎችና ገና ያልጎረመሱ ልጆች። ከፑስተርታል ወጣ ብሎ ካለው ከሴክስተን መንደር ዜፕ ኢነርኮፍለር የተባለ ስመ ጥር የተራራ መሪ ነበረ። ጁላይ 1915 ሰላም ሲሆን ሀብታም እንግዶችን ይዞ ይወጣቸው ከነበሩት ከእነዚያው ገደሎች አንዱ ላይ ሞተ።

ጦርነቱ አልቆ በ1919 የሳን ዠርማን ውል ደቡብ ቲሮልን ለጣልያን ሰጠ። ከዚያ ሙሶሊኒ መጣ። የተኳሾቹ ሻምበሎች ታገዱ። ትምህርት በጀርመንኛ ተከለከለ፤ እናቶች ልጆቻቸውን ፊደል ለማስቆጠር በድብቅ ቤት ለቤት ይልኩ ጀመር። ኦላንግ ቫልዳኦራ ተባለች፣ ብሩኔክ ብሩኒኮ፣ ፑስተርታል ቫል ፑስቴሪያ።

ጽሑፋችሁ የዘለለው እዚህ ጋ ነው።

ፑስቴሪያ የሚለው ስም የእኛም ታሪክ ውስጥ አለ። ሙሶሊኒ አገራችንን ሲወር ከላካቸው ጦሮች አንዱ የአልፒኒ ተራራ ወጪዎች ክፍለ ጦር ነበር፣ ስሙ ፑስቴሪያ። የተሰየመው በዚያው በሲግማይር ሸለቆ ነው። አምባ አራዶም ላይ ነበረ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይም የእኛ ጦር ሲያጠቃ ከፊት ከገጠሙት አንዱ እሱ ነው። የደቡብ ቲሮል ልጆችም የጣልያን ዜጋ ናችሁ ተብለው ተመልምለው ወደ ኢትዮጵያ ዘመቱ። ላለመዝመት ድንበር ተሻግረው የጠፉም አሉ። አባቶቻቸው በ1511 «ከድንበራችን ውጭ አንዘምትም» ብለው ባስፈረሙበት አገር፣ የልጅ ልጆቻቸው በማያውቁት ቋንቋ ትእዛዝ እየተቀበሉ ትግራይ ድረስ ተወሰዱ። የገዛ ሻምበላቸውን ያገደው መንግሥት ነው የወሰዳቸው። ይህን የምለው የዘመተውን ሰው ነፃ ለማውጣት አይደለም። የመርዝ ጋዙ የወረደበት ሰው ጠመንጃ የያዘው ምን ቋንቋ እንደሚናገር አልጠየቀም።

በ1938 ብሩኔክ ከተማ፣ ካፑቺን አደባባይ ላይ ለፑስቴሪያ ክፍለ ጦር የአልፒኒ ወታደር ሐውልት ቆመ። ኢትዮጵያ ላይ ለተገኘው «ድል» ማለት ነው። የአገሩ ሰው እስከዛሬ በፌዝ ካፑዚነር ቫስትል ይለዋል። ከጦርነቱ በኋላ ከአንድ ጊዜ በላይ በፈንጂ ተመትቷል። አሁን የቀረው ከወገቡ በላይ ያለው ጉርድ ድንጋይ ነው። አጠገቡ ሰው ቁጭ ብሎ አይስክሬም ይበላል። ሻምበሎቹ በ1958 በአንድ ማኅበር ሥር ዳግም ከተደራጁ ወዲህ ሐውልቱ ይነሳ እያሉ ሲከራከሩ ኖረዋል። ዛሬ በደቡብ ቲሮል ወደ 140 ሻምበሎች አሉ፤ ድምፃቸው ቀላል አይደለም። ግን ክርክራቸውን ስሰማ ብዙውን ጊዜ ስለ ራሳቸው ነው፦ የፋሺስት ሐውልት መሬታችን ላይ አይቁም ነው። እውነት ነው፣ አይቁም። ሐውልቱ የቆመው ግን በማን ሞት ላይ ነው? ይህን የሚያነሱ አሉ፣ ድምፃቸው ግን ትንሽ ነው። እኛ ደግሞ ከነጭራሹ የለንበትም።

ቦልዛኖ ውስጥ አምባ አላጂ የሚባል መንገድ አለ። ታፔላው በሁለት ቋንቋ ነው የተጻፈው። በ1895 ራስ መኮንን ሜጀር ቶዜሊን የደመሰሱበት የእኛው አምባ አላጌ ነው። በፋሺስት ዘመን የታገደውን የጀርመንኛ ትምህርት ዛሬ የሚያስተዳድረው ቢሮ ያለው እዚያው መንገድ ላይ ነው። በዚያ ሳልፍ ሁሌ ፈገግ እላለሁ። የመንገዱ ስም ለማን ድል፣ ለማን ሽንፈት እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ግን አጋጥሞኝ አያውቅም።

ሰልፉን ጨርሶ አልናቅሁትም፣ እንዳትሳሳቱ። ሻምበሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ትንንሽ የእንጨት በርሜል ያነገቱ ሴቶች ከፊት ናቸው፤ በርሜሉ ውስጥ አረቄ አለ፣ ለእንግዳ በመለኪያ ይቀዳል። አዛዡ ሰይፉን ያነሳል። የክብር ተኩሱ እንደ አንድ ጠመንጃ ድምፅ መሰማት አለበት። አንዱ ከዘገየና ለብቻው «ጧ» ካለ ሕዝቡ ይስቃል፣ ሰውየው ደም ይመስላል። ማታ ላይ ቀልዱ እሱ ነው።

ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ከፎቶው ሥር «የኦስትሪያ ወታደሮች» ብላችኋል። ወታደሮች አይደሉም፣ የበጎ ፈቃድ ማኅበር አባላት ናቸው። ፎቶው የተነሳው ደቡብ ቲሮል ከሆነ ደግሞ ፓስፖርታቸው የጣልያን ነው። ይታረምልን። ሁለተኛው፣ በሚቀጥለው መጋቢት ስለ ማይጨው ስትጽፉ ለብሩኔኩ ሐውልት አንድ ዓምድ ስጡት። ፎቶ ከቸገራችሁ ብሩኔክ ከእኔ በባቡር ቅርብ ናት። አንስቼ እልክላችኋለሁ፣ ክፍያ አልጠይቅም።

አንባቢያችሁ፣
ከቦልዛኖ