ፊት የሚነሳን ሠራተኛው ብቻ ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ስለ ደንበኛ አገልግሎት የምታወጧቸውን የአንባቢ ምሬቶች እከታተላለሁ። አንዷ ፊቷን አጠቆረችብኝ፣ አንዱ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው፣ ሌላው ነገ ተመለሱ አለኝ። ምሬቱ ልክ ነው፤ እኔንም ያበግነኛል። ግን ሁሌ የምንጮኸው መስኮቱ ላይ በተቀመጠችው ልጅ ላይ ነው። ከጀርባዋ ስላለው አለቃ ማንም ትንፍሽ አይልም።

የጥሪ ማዕከልን እንይ። ሠራተኛዋ ብዙ ጊዜ የምትለካው በምን መሰላችሁ? በደቂቃ! ጥሪው ከረዘመ ነጥቧ ይወርዳል። ችግራችሁን ረጋ ብላ ካዳመጠች ተጎጂዋ እሷው ናት፤ ስለዚህ "መልሰን እንደውላለን" ብላ ትገላገላችኋለች። ማንም አይደውልም። እናንተው ትደውላላችሁ፣ ሌላ ሰው ያነሳል፣ ታሪኩን ከሀ ትጀምራላችሁ። ሪፖርቱ ላይ ግን ሁለት ደንበኛ በአጭር ጊዜ ተስተናግዷል ይላል። ጉድ እኮ ነው።

ጫናው ሲብስ ደግሞ የዌልስ ፋርጎ ዓይነት ነገር ይመጣል። ይህ የአሜሪካ ባንክ ሠራተኞቹ ላይ የማይቻል የሽያጭ ኮታ ጫነባቸው። እነሱም ሥራቸውን ላለማጣት በደንበኞች ስም፣ ደንበኞቹ ሳያውቁ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ሂሳብ ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ2016 ነገሩ አደባባይ ወጣ፤ ባንኩ 185 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፣ በ2020 ደግሞ 3 ቢሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። በዚሁ ጉዳይ 5,300 ያህል ሠራተኞች ተባረዋል። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ከወንበሩ የተነሳው ግን ከነሱ በኋላ ነው (መቼም ተራው የሚጀምረው ከታች ነው)።

"ሠራተኛ ካሞላቀቁት ይሰንፋል" የሚሉ አለቆች አሉ። አሜሪካዊውን የመኪና አምራች ሄንሪ ፎርድን ማንም አሞላቃቂ አይለውም። ደመወዝ ሲጨምር እንኳ የሠራተኛውን የቤት ኑሮ የሚመረምሩ ሰዎች ይልክ ነበር፤ ይህ በእኔ አስተያየት ነውር ነው። ሂሳብ ግን ያውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1913 ፋብሪካው 14,000 ያህል ሠራተኛ ይዞ ለመቆየት ከ50,000 በላይ ሰው መቅጠር ነበረበት፤ ሰው ገብቶ ሥራውን ሳይለምደው ይወጣል። በ1914 የቀን ክፍያውን በእጥፍ ገደማ አሳድጎ 5 ዶላር አደረገው፣ የሥራ ሰዓቱንም ከ9 ወደ 8 አወረደው። ፍልሰቱ ወዲያው ቀነሰ። ሰው በለቀቀ ቁጥር ልምዱን ይዞ ይሄዳል፣ አዲሱ እስኪለምድ ድረስ የሚጉላላው ደንበኛው ነው።

ደመወዝ ብቻውን አይበቃም። እኔ ከሁሉ የማስበልጠው እምነት መጣልን ነው። ሪትዝ ካርልተን ሆቴሎች ሠራተኛው የእንግዳን ችግር ለመፍታት አለቃ ሳያስፈቅድ እስከ 2,000 ዶላር እንዲያወጣ መፍቀዳቸው ይታወቃል። ሁሉም ድርጅት ይህን ያህል ይፍቀድ አልልም፣ አቅም አለ። ግን ትንሽ ገንዘብ ለመመለስ እንኳ የኃላፊ ፊርማ ከተፈለገ፣ ኃላፊውም ስብሰባ ላይ ከሆነ፣ ልጅቷ ምን ታድርግ? የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ነገ ተመለሱ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ እሷ ታውቃለች፤ ስድቡን የምትጠጣው ግን እሷ ናት፣ ያውም "ደንበኛ ንጉሥ ነው" የሚል ጽሑፍ ከራሷ በላይ ተሰቅሎ። የትርፍ ሰዓት ክፍያዋን የከለከላት ድርጅት የ"ወሩ ምርጥ ሠራተኛ" ወረቀት ቢሰጣት ፊቷ አይፈታም።

ለእናንተም አንድ ጥያቄ አለኝ። ሥራ አስኪያጆችን ስታነጋግሩ ስለ ትርፋቸውና ስለ አዲሱ ቅርንጫፋቸው ብቻ አትጠይቁ። ባለፈው ዓመት ስንት ሠራተኛ ለቀቀባችሁ፣ ለምን ለቀቀ፣ መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ አለቃ ሳይጠራ ምን መወሰን ይችላል ብላችሁ ጠይቁልን። መልሱንም ሳትቆርጡ አውጡት።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ