እጅጌው ያጠረው ሸሚዝ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ። እዚሁ ድሬዳዋ በአንድ ልብስ ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ባለፈው ክረምት የሰፋነው ሸሚዝ አንዴ ሲታጠብ እጅጌው ሁለት ጣት አጠረ። ስፌተኞቹን ስንቆጣ ከረምን፤ ለካ ችግሩ ሌላ ነው! ጨርቅ አቅራቢያችን ዘንድ ሄደን አንድ ቀን አብረን ስንውል፣ ጨርቁ ከጥቅሉ ወጥቶ ሳይቆረጥ ተዘርግቶ ማደር እንዳለበት ነገሩን፤ እኛም የታጠበውን ሸሚዝ አሳየናቸው። ከዚያ ወዲህ ተመላሽ ዕቃ በጣም ቀነሰ። ቶዮታ እኮ ባለሙያዎቹን አቅራቢዎቹ ፋብሪካ ድረስ ይልካል። እኛ ጋ ግን ወሬው ሁሉ ዋጋና የርክክብ ቀን ብቻ ነው። በ2014 ዓ.ም. ነፃ የንግድ ቀጠና ለተከፈተባት ከተማ ይሄ ያሳዝናል። የሚመለከታችሁ፣ እባካችሁ ፋብሪካና አቅራቢን በወር አንዴ እንኳ አገናኙን፤ አዳራሽ አያስፈልገንም፣ የመቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ ይበቃናል።