የአሳይታ ሰዎች፣ እግዜር ይስጥልን

ሰላም ወገኖች እንዴት ናችሁ፣ ብዙ ሰው እየደወለ ስልክ ማንሳት ስላልቻልኩ ለሁላችሁም አንዴ ልመልስ ብዬ ነው፣ ደህና ነን፣ የባለቤቴ ወንድምም ተሽሎት ስራ ገብቷል ተመስገን።

ላልሰማችሁ፣ በየካቲት ወፍ ልናይ አፋር ወርደን ነበር። አዎ ወፍ። የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ጎረቤቶቼ ባይኖኩላር አንግቼ ወደ አባ ሳሙኤል ስወርድ ቦታ የማይ ደላላ እንደምመስላችሁ አውቃለሁ ግን ወፍ ነው የማየው። ከሎግያ ወደ አሳይታ ስትሄዱ ነጯ ጥንብ አንሳ፣ ፊቷ ቢጫ የሆነችው፣ የመብራት ምሰሶ ላይ ተደርድራ ታገኟታላችሁ፣ ከነቡልጋሪያ ከነቱርክ ድረስ ብርዱን ሸሽታ ነው የምትመጣው፣ በዓለም ላይ ልትጠፋ ነው የተባለችው በፈረንጆቹ ከ2007 ጀምሮ ነው፣ እዛ ግን ቆሻሻ መጣያው ላይ ከፍየል ጋር ስትሻማ ነው ያየኋት። የሚያናድደው ያው ያረፈችበት ምሰሶ በኮረንቲ ይገድላታል።

አሳይታ ቀን ቀን ሰው ያለባት አትመስልም፣ ሱቁ ተዘግቶ ሁሉም ጥላ ፍለጋ ነው፣ ማታ አልጋው ደጅ ይወጣና ከተማው ይነሳል። መብራት ጠፍቶ ቬንትሌተሩ ሲቆም እኛ ስንነጫነጭ እነሱ «ሙቀቱ መቼ ጀመረና» ይሉናል።

ወደ ጋማሪ ሐይቅ ስንሄድ ነው እንግዲህ ፕሮሶፒስ የሚሉት ወራሪ ዛፍ እሾህ ጎማችንን የበሳው፣ ስኮርታውን ቀየርን ብዙም ሳንርቅ እሱንም በሳው። ኔትወርክ የለም። የባለቤቴ ወንድም ማስመለስ ጀመረ፣ ከዛ ራሱን ሳተ፣ እኔ በቃ እሪ ነው ያልኩት።

ግመል የሚነዱ አንድ አባባ ደረሱልን፣ ጢስ ጢስ የሚል የግመል ወተት በትንሽ በትንሹ አጠጡት፣ ሽርጣቸውን በውሃ ነክረው ግንባሩ ላይ አደረጉለት። ቀጥሎ ሌላ መንገደኛ መጣ፣ እጅ ለእጅ ተሳሳሙና ቁጭ ብለው ወሬ ጀመሩ፣ አንዱ ይጠይቃል አንዱ ይመልሳል፣ እረ ሰው እየሞተብኝ ነው ብዬ ልጮህ ስል ከኛ ጋር የነበረው የባጃጅ ሹፌር ልጅ «እትዬ ተዪያቸው፣ ዳጉ ላይ ናቸው፣ ስለናንተ ነው የሚያወሩት» አለኝ። ዳጉን፣ የአፋሮቹን መንገድ ላይ ተገናኝቶ ወሬ የመቀባበል ባህል፣ በቲቪ ነበር የማውቀው። ሰውየው ተነስቶ ሄደ፣ መንገድ ላይ ላገኘው ሁሉ ነግሯል፣ የሰማውም ለሌላው፣ ጀምበር ሳትጠልቅ ከአሳይታ ፒካፕ መጣልን፣ ጎሚስታው ገና ከመኪና ሳይወርድ «የታመመው የታለ? የኋላ ግራ ጎማ ነው አይደል?» አለን። ማንም አልደወለለትምኮ! እኛ ሰፈር አንድ ወሬ ሶስተኛ ፎቅ ሲደርስ ሌላ ወሬ ነው የሚሆነው።

አባባ፣ ስምዎን እንኳን በደንብ አልያዝኩም፣ አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው። ከአቃቂ ነው የመጣነው ስልዎት በልጁ በኩል «ውሃው ከእናንተ ነው የሚመጣው» ያሉኝን አልረሳም፣ እውነትም የአቃቂ ወንዝ አዋሽ ገብቶ በናንተ በኩል አቤ ሐይቅ ድረስ ይወርዳል፣ ከነቆሻሻችን፣ አፍሬያለሁ። ጎሚስታው ወንድሜ የማስጠገኛውን ብቻ ተቀብለህ ሌላውን እንቢ ያልከኝ፣ ሌሊቱን ሙሉ ግሉኮሱን ስትቀይሪ ያደርሽው ነርስ እህቴ፣ ብድራችሁን በደስታ ያድርግልኝ። ልጆቼን ሽሮ እየሠሩ ያበሉልኝ የጎን ጎረቤቴ እትዬ፣ ክፍለ ጊዜዬን የሸፈናችሁልኝ መምህራን፣ ውለታችሁ አለብኝ።

የባጃጁ ልጅ ወፍ በዓይኑ ከኔ ባይኖኩላር ቀድሞ ነበር የሚያየው። አንድ ሁለተኛ እጅ ባይኖኩላር ገዝቼለታለሁ፣ በዚህ ሳምንት ወደ ሎግያ ወይ አሳይታ የሚወርድ ሰው ካለ በውስጥ መስመር ያናግረኝ፣ ቃሊቲ ድረስ አመጣለታለሁ።